አሥር ቁራጭ ቆዳ

ጋሼ ካሳን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማኋቸው በግድግዳ በኩል ነው። ቤቶቻችንን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ማታ ከሥራ ስመለስ በገናቸውን እየሰማሁ እግሬን እታጠባለሁ። ገብቼ ልያቸው ብዬ ግን አላውቅም። ሰው ሲጸልይ ማን ዘው ብሎ ይገባል?

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። በዓመቱ፣ የሁዳዴ አራተኛው ሳምንት ላይ፣ ባለቤታቸው እትዬ ጤናዬ በገናውን በጋቢ ጠቅልለው፣ በኩሊ አሸክመው፣ ምን አለሽ ተራ የምሠራበት ድረስ መጡ።

«ወልደሚካኤል፣ የሆሣዕና ማግሥት አገሬ ቡልጋ እገባለሁ» አሉኝ። «ልጄ ጥጋቡ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ደብዳቤው ከጠፋ ስምንት ወሩ። ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ ዝምታ ማዳመጥ ደከመኝ። ከመሄዴ በፊት የአባቱን በገና አንዴ ልስማው።»

«እኔ መደርደር አልችልም እኮ፣ እትዬ።»

«መስማት ትችላለህ። ካሳ ‹ያ ጎረቤታችን እኔ ስደረድር ውኃውን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የሚደፋው› ይል ነበር።»

ከዚህ በኋላ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል።

ጊዜው ግን አልነበረኝም። ለፋሲካ ስድሳ ፈርኔሎ ታዞብናል፤ ከበርሜል ላሜራ እየቆረጥን ስንቀጠቅጥ እንውላለን። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። የቀረኝ የምሳ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ምሳ የለውምና እሷን ለበገናው ሰጠሁ።

የኛ ተራ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ አሮጌ ዕቃ እጁ ሲገባ መጀመሪያ ገፍፎ ማጽዳት ነው። በገናውንም እንደዚያው አደረግሁት። ያረጁትን አውታሮች ፈታሁ። አውታሮቹ የሚያርፉበት በርኩማ ላይ ጥፍር ጥፍር የሚያህሉ፣ የጠቆሩ አሥር ቁራጭ ቆዳዎች አገኘሁ። እንጨቱ ሲበላ የተወሸቀ ውታፍ መሰለኝ። በቢላዋ አነሣኋቸውና ከላሜራው ፍርፋሪ ጋር ጠርጌ ጣልኳቸው። ከዚያ አዲስ ጅማት ወጠርኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ሲወጣ እጄን አመሰገንኩት።

በሳምንቱ እትዬ ጤናዬ መጥተው ሰሙ።

«ይኼ ክራር ነው» አሉ። «የካሳ ያንዘረዝር ነበር። ንዝረቱ የታለ? በርኩማው ላይ ቆዳዎች ነበሩ።»

«ጣልኳቸው፣ እትዬ። ውታፍ መስለውኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን በርኩማውን በጣታቸው ዳሰሱት። «እንዝራ ይባላሉ። አውታሩን የሚያስለቅሱት እነሱ ናቸው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ካሳ ሳምንቱን ሙሉ እነሱን ሲገፋና ሲስብ ነበር የሚውለው።»

በግድግዳው በኩል ያልሰማሁት ያንን ሳምንት ነበር ለካ።

ፊት ለፊቴ ጠሀ የሚባል ጫማ ሰፊ አለ። ቆዳ ልለምን ሄድኩ።

«ወልዴ፣ የሰው በገና ላጭተህ አሁን ጠጉር ፍለጋ መጣህ?» አለና ከአሮጌ ጫማ ምላስ ቆርጦ ሰጠኝ። «ለጸሎት ከሆነ ውሰድ። ለጭፈራ ከሆነ ግን እኔንም ጥራኝ።»

ሥራው አሁን መጣ። ቆዳው ከአውታሩ ሥር ትንሽ ከገባ አውታሩ ይታፈናል፤ ትንሽ ከወጣ ክራር ይሆናል። ልኩ የፀጉር ያህል ነው። እሱን የሚለየው ደግሞ ጆሮ ነው፤ ዙሪያዬን ግን ሃያ መዶሻ ይወርዳል። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልሰማሁም። ተናደድኩ፤ ጾሜን በንዴት ልሽረው ምንም አልቀረኝ።

በሦስተኛው ቀን ደክሞኝ አገጬን የበገናው ምሰሶ ላይ አሳረፍኩና አንዱን አውታር ነካሁ። ንዝረቱ በእንጨቱ መጥቶ መንጋጋዬ ውስጥ ገባ። ቆዳውን ትንሽ ገፋሁት፤ ደረቴ ድረስ ወረደ።

መዝሙር አላውቅም። የማውቀው «እግዚኦ መሐረነ»ን ነው። በየአውታሩ አንድ እግዚኦ እላለሁ፤ አሥሩን አውታር አራት ጊዜ ዞሬ አንድ ስጨምር አርባ አንድ ይሞላል። ከዚያ አንዱን ቆዳ አስተካክዬ እንደገና። መዶሻው አልቆመም፤ እኔም እንዲቆም መፈለጌን ተውኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ፈርኔሎዬን የምቀጠቅጠው እንደ ዱሮው በጥድፊያ አልነበረም። የሚገርመው፣ ቁጥሩም አልጎደለም።

«በዚህ ሁሉ ጩኸት ምን ይሰማሃል?» አለኝ ጠሀ።

«አይሰማኝም» አልኩት። «ግን አለ።»

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ እትዬ ጤናዬ መጡ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ቤት ወስጄ አሰማቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ፈርኔሎ የሚወስዱት ነጋዴዎች ቆመውብኛል። በርጩማ ሰጠኋቸውና ጀመርኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልሰሙም። ያኔ እጃቸውን ያዝኩና በበገናው ገበቴ ላይ በተወጠረው ቆዳ ላይ መዳፋቸውን አሳረፍኩት።

ዐይናቸውን ጨፈኑ። መዳፋቸውን ሳያነሡ ሦስት ዙር ዞርኩ።

«አሥረኛዋ አውታር እምቢ ብላኛለች፣ እትዬ» አልኩ በአራተኛው ዙር፣ እሷ ላይ ስደርስ።

«ተዋት» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «ለሱም እሺ ብላው አታውቅም።»

ሲነሡ ጋቢውን ብቻ አጣጥፈው ያዙ። «ጥጋቡ ሲመጣ ትሰጠዋለህ። እስኪመጣ እንዳታሳርፈው።»

በአውቶቡስ ተራ በኩል ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቆሜ አየኋቸው። ነጋዴዎቹ ይጣራሉ። ከአርባ አንዱ እግዚኦ አንዷ ቀርታኝ ነበር፤ ተቀመጥኩና በጥጋቡ ስም ነካኋት።