ወለል የሌላት ቤት

እኔ ታቢታ ድንክ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዲቀድመኝ ስለማልፈልግ ነው። አባቴ እዚሁ እንግሊዝ አገር ዮርክሸር ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነበር፤ በአሠሪዬ በሚስተር ክራብትሪ የትርዒት ድንኳን ውስጥ ግን እኔ የፖላንድ ልዕልት ነበርኩ። ፖላንድ በየት በኩል እንደሆነች ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም። ተመልካቹ ጥያቄ ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣልኝን እየለፈለፍኩ ማራገቢያዬን አወዛውዛለሁ፤ እነሱም ፖላንድኛ መስሏቸው ያጨበጭባሉ።

ያኔ ሲኒማ የሚባለው ነገር ገና አልመጣም። ሰው የሚዝናናው ከከተማ ከተማ በሚዞር የድንኳን ትርዒት ነበር፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ሕግ ደግሞ አንድ ነው፦ ድንክ በነጻ አይታይም። በነጻ ያዩትን ማን ከፍሎ ያያል ይባላል። ስለዚህ ከድንኳኑ ውጪ እግራችን መሬት አይነካም ነበር። ገበያ መሃል የምንዞረው እያንዳንዳችን በእንጨት በተሠራች ትንሽ ቤት ውስጥ ሆነን ነው። በር አላት፣ መስኮት አላት፣ የጭስ ማውጫ ሳይቀር ተሥሎባታል። ሁለት ጎረምሶች በመሎጊያ ይሸከሟታል፤ እኔ ከውስጥ ጣውላ ላይ ተቀምጬ በመስኮቷ እጄን ብቻ አውጥቼ ደወል እደውላለሁ። ለተሸካሚዎቹ እንድትቀል ተብሎ ወለል አልተሠራላትም፤ ከታች በኩል መጋረጃ ብቻ ነው የተንጠለጠለባት።

ሲላስ ሰግደንን ያገኘሁት እዚያው ነው። እሱም እንደኔው ድንክ ነው፤ በድንኳኑ ውስጥ ማዕረጉ ጄኔራል ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ደግ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ፈሪም ነው። ሰይፉን ሲመዝ ሴቶቹ ይጮኻሉ፤ አይጥ ሲያይ ግን የሚጮኸው እሱ ነው። ወደድኩት፣ ምን ላድርግ!

ልንጋባ የወሰንነው ክረምቱን ኦትሊ ከተማ ስናሳልፍ ነው። ክራብትሪ ሲሰማ ከኛ በላይ ፈነጠዘ። ሠርጉ በድንኳኑ ውስጥ ይሁን፣ ሰው በቲኬት ይግባ፣ የጳጳስ ልብስ ለብሶ የሚያጋባችሁም ያ በድንኳኑ እሳት እየበላ የሚያሳየው ሰውዬ ይሁን አለ። ደሜ ፈላ። እሳት በሊታ ነው እኔን የሚያጋባኝ? በቤተ ክርስቲያን፣ በገዛ ስሜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእግሬ ሄጄ ነው የማገባው አልኩት። እናቴም አያቴም በእግራቸው ነው የሄዱት፤ ጎረቤቱ በየደጁ ወጥቶ እየመረቃቸው። ከነሱ እኔ በምን አነስኩ? በቁመት ነው አትበሉኝ ብቻ።

ቄሱ በአገሩ ደንብ ሦስት እሑድ ስማችንን በምእመኑ ፊት አነበቡ፦ ሲላስ ሰግደንና ታቢታ ኦልድሮይድ ሊጋቡ ነው፣ የሚቃወም ካለ ይናገር። ልዕልቲቱ የከሰል ቆፋሪ ልጅ መሆኗን ከተማው ሁሉ ሰማ። ክራብትሪ ጠጉሩን ሊነጭ ምንም አልቀረው። በኋላ ግን መላ አገኘ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ፈቅጃለሁ፣ የምትሄዱት ግን በየቤታችሁ ተዘግታችሁ፣ ደወል እየደወላችሁ ነው፣ መንገድ ላይ ጠጉራችሁ ብትታይ ሥራ የላችሁም አለን። ሲላስ እጄን ያዘና ከዚህ ብንባረር ማን ይቀጥረናል፣ ምንስ እንበላለን አለኝ። እውነቱን ነው። ደወሌን አንሥቼ መወልወል ስጀምር እሺ ያልኩ መሰላቸው።

የሠርጉ ቀን ገበያ ነበር። የኔ ቤት ከፊት፣ የሲላስ ከኋላ ሆነን ተነሣን። እየደወልኩ ቁልቁል ሳይ ኮብልስቶኑ ከጫማዬ ሥር ያልፋል። ለዓመታት መንገድ ያየሁት እንደዚህ ነው፣ ከላይ ሆኜ ቁልቁል። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ሊቀይሩ አስቀመጡኝ። እግሬ መሬት ነካ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ከጣውላው ወርጄ ቆምኩ። መልሰው ሲያነሡ ቤቲቱ እንደ ድስት ክዳን ከላዬ ተነሣች፤ እነሱም ልብ ሳይሉ ባዶዋን ይዘዋት ሄዱ።

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሲላስ ቤት እየደወለች ስትደርስ ተሸካሚዎቹ እኔን አይተው ደንግጠው አስቀመጧት። ወደ መስኮቷ ተጠጋሁ።

«ሲላስ፣ ወጥቻለሁ» አልኩት።

«የት ነው የወጣሽው?»

«መንገድ ላይ ነኝ። በእግሬ ነው የምሄደው። ካልመጣህ ለቄሱ ሙሽራው ሳጥን ውስጥ ቀርቷል እላቸዋለሁ።»

ደወሉ ቆመ። ክራብትሪ ካፖርቱን አውልቆ ሊሸፍነኝ እየሮጠ መጣ፤ ሰው በነጻ እያያት ነው ይላል። የሥጋ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ብሪግስ፣ በር የምታክል ሴት ናት፣ ቢላዋዋን እንደያዘች መሃላችን ገባች።

«ሙሽራ ከመንገዷ አትመለስም፤ ካፖርትህን ልበስ፣ ይበርድሃል» አለችው።

ያን ጊዜ የሲላስ ቤት በር ተከፈተ። ባርኔጣው ተንጋዷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እጅሽን ስጪኝ ታቢ፣ ብቻዬን መንገድ ላይ መሄድ አልችልበትም» አለ።

ተያይዘን ሄድን። የሳቁብን ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን ያነሡልን ግን ይበዛሉ። በየደጁ የቆሙት ሴቶችም መረቁን። ቄሱ ሲያጋቡንም ሲላስ እጄን አልለቀቀም።

ያን ቀን ምሽት ድንኳናችን ባዶ ቀረ። ክራብትሪ እውነቱን ኖሯል፤ በነጻ ያየን ሰው አልከፈለም። በሩ ላይ ቆሞ የፖላንዷን ልዕልት እዩ እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ለፈፈ። አንዱ አላፊ አግዳሚ፣ «ታቢታን ነው? ጠዋት አየኋት እኮ፣ አምሮባታል» ብሎት አለፈ። ክራብትሪ እዚያው አባረረን።

ጓዛችንን በጨርቅ ጠቅልለን ወጣን። ወይዘሮ ብሪግስ ሱቋን ስትዘጋ አገኘችን።

«ወይዘሮ ሰግደን፣ እራት በልታችኋል?» አለችኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ሰው ቁመቴን ጠይቆኛል፣ ዕድሜዬን ጠይቆኛል፣ አልጋዬ ስንት ስንዝር እንደሆነች ሳይቀር ጠይቆኛል። ብዪ ያለኝ፣ በልተሻል ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አልበላንም» አልኳት።