ለድጋፍ ቢሮው የተጻፈው አስተያየት

«እኔ እኮ ከእግዜር በቀር የምፈራው የለም!» ትል ነበር ልጅቷ ደረቷን ነፍታ። የቤተሰብና የወጣቶች ድጋፍ ቢሮ «ስለ አገልግሎታችን ሐሳባችሁን ስጡን» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ሲለጥፍ፣ ሰፈርተኛው አንብቦ አለፈ። እሷ ግን «ኃላፊዋ ሰው እፊቷ ቆሞ ሲያለቅስ ስልኳን ትነካካለች» ብላ፣ ከነቤት ቁጥሯ ጽፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

እናቷ ስትሰማ ክው አለች። «ምላስሽ ይቆረጥ! እህትሽ መድኃኒቷን የምታገኘው በማን ፊርማ መስሎሽ ነው?»

ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ልጅቷ ሮጣ ጓዳ ትደበቅ ጀመር። ማታ ታናሿ ስታስል ትሰማና «በኔ ጦስ ልትሞት ነው» እያለች ብርድ ልብሷን ትነክሳለች።

አንድ ጠዋት ኃላፊዋ ራሷ ወረቀቱን ይዛ ከች አለች። እናት ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቷ ኃላፊዋ እግር ሥር ተደፋች።

«ይማሩኝ እትዬ! እህቴ ምን አጠፋች? እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ፣ መድኃኒቷን ብቻ አይከልክሏት!»

ኃላፊዋ ወረቀቱን አዙራ አየችው፣ ዘቅዝቃም አየችው።

«ከቤት ቁጥሩ በቀር አንድ ቃል አልተነበበልንም፤ ቢሮው በሙሉ ተረባርቦበት አቃተው። ለመቀየምም እኮ መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል፣ የኔ ልጅ!»