ለአራት ሺህ ሰው የተነገረ ምስጢር

ቢረሳው ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማይጣላው ዕቃ የለም። ከስልኩ ጋር ይጣላል፤ ከማተሚያው ጋር ይጣላል፤ “ኩኪ ተቀበል” እያለ ፊቱ ላይ ከሚደነቀር ድረ ገጽ ሁሉ ጋር ይጣላል። በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሰነድ ማተሚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ብቻውን ነው የሚኖረው።

ጠቡን ታዲያ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ይጽፈዋል። “የቢረሳው ትዝብት” የሚል ብሎግ ከፍቶ በየሳምንቱ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ድረ ገጽ ያዋርዳል። ምንጣፍ ስለሚጠርገው ሮቦት “ሶፋ ሥር ገብቶ የሚያላዝን ውሻ ገዛሁ” ብሎ ጽፏል። ስለ አንድ የቀጠሮ ማስያዣ ድረ ገጽ ደግሞ እንዲህ አለ፦ “ሰው መሆኔን ላረጋግጥ የትራፊክ መብራት ያለበትን ሥዕል ምረጥ አለኝ። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። እንግዲህ ሰው አይደለሁም ማለት ነው።” ብዕሩ ስለት ነበረው። አንባቢው ግን ስልሳ፣ ቢበዛ ሰባ ነው። ይህ ነገር ያበግነዋል። “ቂል ሁሉ ድስት ሲያማስል አንድ ሚሊዮን ሰው ያየዋል፤ እኔን ስልሳ!” ይል ነበር።

በግንቦት ወር ከታናሽ እህቱ ከትርፍነሽ ጋር ወደ ክሬታ ደሴት ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ሄዱ። ትርፍነሽ የምትኖረው ዙሪክ፣ አፎልተርን ነው፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ጴንጤ ስትሆን ቢረሳው ተቀይሟት ለብዙ ዓመት በበዓል ካልሆነ አይደዋወሉም ነበር። የሚስቱ ለቅሶ ነው ያስታረቃቸው። ትኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት። “ጋሽዬ፣ እስኪ ሳንሞት አንድ ላይ ባሕር እንይ” አለችው፤ እሱም እሺ አለ።

ለጉዞው ብሎ ከአንድ ድረ ገጽ የሚተረጉም ኢርፎን አስመጥቶ ነበር። ጆሮ ውስጥ ይሰኩታል፤ ሰው በግሪክኛ ሲናገር በእንግሊዝኛ ያንሾካሹካል፤ እንዲያ ነው የተባለለት። የተከራዩት ቤት ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ በመጀመሪያው ቀን ቁልፍ ይዘው መጥተው ረጅም ነገር ተናገሩ። ኢርፎኑ “ፍየሉ ሙቅ ውኃ ነው፣ ማክሰኞ አትክፈት” አለው። ቢረሳው ሦስት ጊዜ “እባክዎ ይድገሙልኝ” አላቸው። በመጨረሻ ትርፍነሽ ክንዳቸውን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ሴትየዋ ቧንቧውን ወደ ግራ አዙረው አሳዩአት፤ ሁለቱም እየተሳሳቁ ወጡ። ቢረሳው ኢርፎኑን ከጆሮው ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ወረወረው። የሚቀጥለው ጽሑፉ እዚያው ሆዱ ውስጥ ተጀመረ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትርፍነሽ በረንዳ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቲማቲም ትከትፋለች። ቢረሳው ከውስጥ ጠራት። መልስ የለም። ደገመ። ዝም። በሦስተኛው ተነሥቶ ወጥቶ ከኋላዋ ጮኸባት።

“ምን ሆነሻል? ደነቆርሽ እንዴ?”

ትርፍነሽ ደንግጣ ዞረች። ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከዚያ ፊቷ ተሰባብሮ አለቀሰች። ከቦርሳዋ ትንሽ ግራጫ ሳጥን አውጥታ ከፈተችለት። ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች ተጋድመውበታል።

“ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ጋሽዬ” አለች። “እየባሰ ነው። ሐኪሙ ይሄን ከሰጠኝ አራት ወሩ ነው። ሥራ ቦታ በቆቤ ውስጥ ሸፍኜ አደርገዋለሁ። ጉባኤ ግን አላደርገውም፤ ፀጉሬን ስይዘው ይታያል።”

“ታዲያ እንዴት ትዘምሪያለሽ?”

የጉባኤዋ ሰዎች እሑድ እሑድ አድሊስቪል ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ነው የሚሰበሰቡት፤ መዝሙር የምትመራው ደግሞ እሷ ናት። የእሷ ኑሮ፣ የእሷ ክብር እዚያ መድረክ ላይ ነው።

“የኪሩን ጣት እያየሁ” አለች። ኪሩ ኪቦርድ የሚጫወተው፣ የዝማሬው ክፍል ኃላፊ ነው። “እጁ ሲወርድ እገባለሁ። ቃሉን ከከንፈራቸው አያለሁ። ደሞ እግዚአብሔር ይረዳኛል።” እጁን ያዘችው። “አደራ፣ ጋሽዬ። ያኔት እንኳን አታውቅም። ልጄ ከሰማች ሥራ አቁሚ ትለኛለች። አደራህን።”

“ከኔ አይወጣም” አለ ቢረሳው። ሲናገር ከልቡ ነበር።

ጄኔቫ ተመልሶ ስለ ኢርፎኑ ሊጽፍ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ራሱ መጥቶ ጣቱ ላይ ተቀመጠ። ሁለት የጆሮ ዕቃ፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ደሴት። አንዱ የሚቀጥፍ፣ አንዱ የሚደበቅ። እንዲህ ያለ ነገር በዓመትም አይገኝ! ስም አልጠቀስም፣ አለ ለራሱ። “አንዲት ዘመዴ” ብሎ ጀመረ። ኢርፎኑን እንደ ልማዱ ከሰከሰው። ከዚያ ዘመዱ የኪቦርድ ተጫዋች ጣት እያየች በመድረክ እንዴት እንደምትዘምር፣ ቲማቲም እየከተፈች ሁለት ጊዜ ተጠርታ እንዴት እንዳልሰማች፣ አንድም ሳያስቀር ጻፈ። ያን ቀን በረንዳው ላይ በስልኩ ያነሣውን የሳጥኑን ፎቶም ለጠፈ። በሳጥኑ ዳር የትርፍነሽ እጅ ይታያል፤ ወጥ ቤት የተቃጠለችው ጠባሳ ከአውራ ጣቷ ሥር እንዳለ። አየው። ብርሃኑ ጥሩ ነበር፤ ተወው።

ጽሑፉን በሦስት ቀን አራት ሺህ ሰው አነበበው።

ቢረሳው በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ስልኩን ይዞ ወደ ገበያ ማዕከሉ ካፌ ወረደ፤ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ሙጃሂድ እዚያ ይጠብቀዋል። ሙጃሂድ በድርጅቱ ሾፌር የነበረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና ስልኩን መለሰለት።

“ሴትየዋ ታውቃለች?”

“ምኑን?”

“መጻፍህን።”

“ስም እኮ የለውም!”

“አንተ ስንት እህት አለህ?” አለ ሙጃሂድ።

ቢረሳው ተናደደ። ቅናት ነው አለ በሆዱ፤ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ያኔት ደወለች። ዙሪክ ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ ፋርማሲ የምትሠራ የትርፍነሽ ልጅ ናት። ሰላምታ አልነበረም።

“ጋሼ፣ አውርደው። አሁን።”

“ምኑን ነው የማወርደው?”

“አትቀልድ! ጓደኛዬ ላከችልኝ። የእማን እጅ አየሁ። እኔ፣ ልጇ፣ ከኢንተርኔት ነው የሰማሁት! ዳስ ጌት ጋር ኒሽት፣ ጋሼ! አይሆንም እንዲህ!” ስትናደድ ጀርመንኛው ይቀድማታል።

“ያኔት፣ አድምጪኝ። ሰው እየተጠቀመበት ነው። አንዱ ‘ለእናቴ ገዛሁላት’ ብሎ ጽፏል…”

“እማ እሑድ አልዘመረችም። ኪሩ ‘እረፊ እህቴ፣ ሸክም አንሁንብሽ’ አላት። ቴሌግራም ላይ ሁሉም አንብበዋል። ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሁሉም እያያት። ይሄ ጠቀማት?”

ስልኩ ተዘጋ። ቢረሳው ጽሑፉን ከፈተ። “ዘመዴ” የሚለውን “አንዲት የማውቃት ሴት” በሚል ለወጠ፤ ፎቶውን ቆረጠና ጠባሳውን አስወጣ። ማውረዱን ግን እጁ እምቢ አለው። በዚያ ቀን ቁጥሩ አራት ሺህ ስድስት መቶ ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ዙሪክ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነበር፤ ይቅርታ ግን አልነበረበትም። ማስረዳት ነበር የፈለገው። አፎልተርን ደርሶ ደወሉን ሲጫን ትርፍነሽ ራሷ ከፈተችለት። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች። መሣሪያዎቹ ሁለቱም ከጆሮዋ ኋላ በግልጽ ይታያሉ።

“ግባ” አለችው። አልሳመችውም።

ሳሎን ተቀመጡ። ውኃ እንኳን አልቀረበም፤ በትርፍነሽ ቤት ይህ ተደርጎ አያውቅም።

“ስምሽን አልጻፍኩም” ብሎ ጀመረ።

“ባትጽፈውም አወቁኝ።”

“በክፋት አይደለም። እስኪ አስተያየቱን ላንብብልሽ፤ ስንት ሰው…”

“ጋሽዬ፣ እኔ የነገርኩህ ለወንድሜ ነው። አራት ሺህ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ለአራት ሺህ ሰው እነግር ነበር። አልጠየቁኝም። ያለቀስኩት እኮ አንተ ፊት ነው! ቲማቲሙን ሁሉ ጽፈኸዋል። ቲማቲሙ ድረስ ምን አደረሰህ?”

ቢረሳው ሲጨንቀው ይናከሳል፤ ዕቃ ላይ የለመደው ነው።

“ታዲያ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው? እነዚያ ወንድም እህት የምትያቸው፣ እነዚያ ሃሌሉያ ባዮች፣ አንድ ጽሑፍ አንብበው ከመድረክ ካወረዱሽ ምን ዓይነት ክርስቲያን ናቸው? ድሮም ተናግሬ ነበር። ከቤትሽ፣ ከሃይማኖትሽ ወጥተሽ የሰው አዳራሽ ስትለማመጪ…”

ትርፍነሽ ብድግ አለች። ድምፅዋ አልጨመረም።

“ይበቃዎታል፣ አቶ ቢረሳው።”

መጀመሪያ የሰማው አልመሰለውም። ስልሳ ዓመት ሊሆናት ጥቂት የቀራት እህቱ፣ አፏን ከፈታች ጀምሮ ጋሽዬ ስትለው የኖረች፣ እንደ ቢሮ ሰው አንቱ አለችው።

“ትርፌ…”

“ባቡርዎ እንዳያመልጥዎት።” በሩን ከፍታ ያዘችለት። ኮሪደሩ ላይ ጎረቤት እያለፈች ነበር፤ ትርፍነሽ በጀርመንኛ ሰላም አለቻት፤ ለእሱ ግን አንድ ቃል አልጨመረችም። ሊፍቱ እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀ። ወደ ኋላ ሲያይ በሩ ተዘግቷል።

ባቡሩ ውስጥ ጽሑፉን አጠፋው። ሲያጠፋው አምስት ሺህ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አሁን አለቀ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። አላለቀም። ቤቱ ገብቶ ሲፈልግ ጽሑፉን ሌላ ሰው ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል። ፎቶውም ገና ሳይቆረጥ የተወሰደው ነው፤ ጠባሳው አለ። አንድ ሌላ ድረ ገጽ ደግሞ “መስማት የተሳናት ዘማሪ አስደናቂ ምስጢር” ብሎ አርዕስት ቀይሮ በማሽን ድምፅ ያስነብበዋል። ማሽኑ “ቲማቲም” የሚለውን ቃል ሲያነብ ይንተባተብ ነበር። ቢረሳው ለባለቤቶቹ ጻፈ፤ ለመነ፤ ከዚያ አስፈራራ። ከአንዱ ብቻ መልስ መጣ፦ “ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ተመሳሳይ ታሪክ ካለዎት ይላኩልን።” ስንቱን ድረ ገጽ ሲሳደብ የኖረ ሰው ለዚህ የሚሆን ስድብ አጣ።

በሰኔ መጨረሻ የይቅርታ ጽሑፍ አዘጋጀ። ረጅም ነበር፤ ራሱን አልማረበትም። ከማውጣቱ በፊት ለሙጃሂድ አሳየው። ሙጃሂድ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ ቀና አለ።

“ደግሞ ልትጽፍባት ነው?”

“ይቅርታ እየጠየቅኳት እኮ ነው!”

“ማን ፊት? ይቅርታ ከሆነ ፖስታ ግዛ።”

ቢረሳው ደብዳቤውን በእጁ ገልብጦ በፖስታ ላከው። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴ አለፈ። መልስ አልመጣም።

የሆነውን የሰማው ከሌላ ሰው ነው። በጄኔቫ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኛት ኂሩት የምትባል ሴት፣ እህቷ አድሊስቪል ትሄዳለችና፣ ሳይጠይቃት ነገረችው። ትርፍነሽ ከአንድ ወር ዝምታ በኋላ በእሑድ ፕሮግራም መካከል ተነሥታ ወደ መድረኩ ወጥታለች። ፀጉሯ ታስሮ፣ መሣሪያዎቹ ጆሮዋ ላይ። ማይክሮፎኑን ከኪሩ እጅ ወስዳ፦

“ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልሰማ ስዘምር ማንም ‘ተሳሳትሽ’ አላለኝም። አሁን አንብባችሁ ነው ስህተቴን የሰማችሁት?” አለች። ኪሩ አንገቱን ደፍቶ ኪቦርዱ ጋ ተቀመጠ፤ እሷም ዘመረች።

“እንዴት ዘመረች?” አለ ቢረሳው።

“እኔ ምን አውቄ? እህቴ አለቀስን ነው ያለችኝ” ብላ ኂሩት ሄደች።

ቢረሳው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ደስ አለው፤ ደስታውን ግን የሚያካፍለው ሰው አልነበረም፤ ትርፍነሽ ራሷ እንኳን አልነገረችውም። ክፉው ነገር ደግሞ፣ ኂሩት ስትናገር የአዲስ ጽሑፍ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በጭንቅላቱ ውስጥ ተጽፎ አልቆ ነበር። ራሱን ተጸየፈ። ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ፤ አውቶቡሱን አሳለፈው።

ብሎጉን አልዘጋም። አሁንም ስለ ቴሌቪዥን ሪሞት፣ ስለ ፓስዎርድ ይጽፋል። አንባቢው ወደ ስልሳ ተመልሷል። አልፎ አልፎ አንድ የማያውቀው ሰው ከሥር “ያቺ የማትሰማዋ ዘማሪ እንዴት ሆነች?” ብሎ ይጠይቃል። ቢረሳው ጥያቄውን ያጠፋል። ሌላው ይጠይቃል፤ ያንንም ያጠፋል።

ለእንቁጣጣሽ ለያኔት ደወለ። አነሣችለት። “እንኳን አደረሰህ” አለችው በቀዘቀዘ አማርኛ።

“እንኳን አብሮ አደረሰን። እናትሽ እንዴት ናት?”

“ደህና ናት።”

“ጆሮዋስ? አዲስ ነገር አለ? ሐኪሙ ምን አላት?”

ከያኔት ኋላ የትራም ደወል ተሰማ።

“ደህና ናት አልኩህ፣ ጋሼ” አለች። “ከዚህ በላይ አልነግርህም። ትጽፈዋለህ።”