አረንጓዴ የተቀባው ሜዳ

የመሬት ጉዳይ ኃላፊው ቢተው ባዶ ሜዳ ሲያይ እጁን ይበላው ነበር። በ1988 ዓ.ም. ቦሌ ሚካኤል አንድ ሜዳ ቀርቷት ነበር፤ ካርታው ላይ አረንጓዴ ተቀብቷል። ቢተው "ሰው ቤት አጥቶ ሣር እንንከባከብ?" እያለ እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሶ አደለው። ጥጉ ላይ ደግሞ የራሱን ቤት ሠራ።

የእድሩ ዳኛ፣ ባለሱቁ ጋሽ አብዱልገኒ፣ ሦስት ጊዜ ቢሮው ድረስ ሄደው "ልጄ፣ መተንፈሻ አሳጣኸን" አሉት። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ በእስክሪብቶ እየነካ "ጋሼ፣ አረንጓዴው ይኸው እንዳለ ነው፤ ማን ነካው?" ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ካርታውን ማንም አልነካውም።

ሰኔ ላይ የቢተው አባት አረፉ። እድርተኛው የድንኳኑን ሸራና ብረት ተሸክሞ መጣ። አጥር ከአጥር ተጣብቋል፤ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሟል። ቢተው ዙሪያውን ቢቃኝ የሚያየው ሁሉ ራሱ የፈረመበት ቤት ነው።

ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ወደ ዳኛው ተጠግቶ "ጋሼ፣ የት እንትከለው?" አለ።

ጋሽ አብዱልገኒ ሸራውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ "ካርታህን አምጣ፤ አረንጓዴው ላይ እንተክለዋለን" አሉት።