የአባት ስም የሚጠራበት ዘፈን

ስህን እንደ ወትሮው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ደጁን ጠረገች፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነች፣ ፊቷን ታጠበች። ከሌላው ቀን የተለየው ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳንና በሩ አጠገብ የቆሙት ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ነበሩ። ዛሬ አንድ ልጇን መቅዲን ትድራለች።

ጎረቤቷ ራህመት ከበሮዋን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። በሰፈሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲድር ዘፈን የምታወጣው እሷ ናት። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባቷን በስም ጠርታ ታወድሳለች፤ ሰው ይቀበላታል። ስህን ይህችን አንዲት ስንኝ ወር ሙሉ ስትጠብቅ ነበር። ባሏ ዝናው ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ከጠፋም እንደዚያው።

"አብሽሪ" አለች ራህመት። "'የዝናው ልጅ ወጣች' ብዬ ስጀምር አርዲቦ ሐይቅ ድረስ ይሰማል።"

አልጀመረችም። አራት ሰዓት ላይ ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ከውጫሌ ደርሶ ገና ከመኪና ሲወርድ ማጉያው ያንን ዘፈን ለቀቀው፤ ሰሞኑን ባጃጁም ስልኩም የሚያጮኸውን፣ ትከሻ ሦስቴ ተጥሎ ወደ ኋላ የሚሸሽበትን። የመቅዲ ጓደኞች ስልክ ፊት ተሰልፈው ይጨፍራሉ። አንዷ ስትሳሳት ከመጀመሪያው ይደግሙታል።

ስህን ማጉያውን ወደሚያዘው፣ ወንዱ ወደሚባለው የሰፈር ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች።

"ለአምስት ደቂቃ ዝጋው።"

"እትዬ ስህን፣ እየቀረጹ እኮ ነው። ይቺን ብቻ።"

"ይቺን ብቻ ስትለኝ ሦስተኛህ ነው።"

"ሙሽራዋ ናት እንዳትዘጋው ያለችኝ" አለ አንገቱን እያከከ።

ራህመት ከበሮዋን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች ሳቀች። "አንቺዬ፣ የኛስ ዘመን ዘፈን ከውጫሌ ገበያ ወጥቶ በሳምንቱ አገሩን አላዳረሰም? ባንቺ ሠርግ እናትሽ 'ይሄን የገበያ ጩኸት አስቁሙልኝ' ብለው ከዳስ ወጥተው ነበር፣ ወላሂ።"

"ያ ስም ይጠራ ነበር። ይሄ ማንን ይጠራል?"

ስህን ወደ ጓዳ ገባች። መቅዲ ቬሎዋን ለብሳ በመስኮቱ ግቢውን ታያለች።

"አንቺ ነሽ አትዝጋው ያልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን? ራህመት አባትሽን ልትጠራው ተዘጋጅታ..."

"ለዚያ ነው፣ እማ።" መቅዲ ፊቷን ከመስኮቱ አላዞረችም። "ስሙን ከሰማሁ ከዚህ ቤት አልወጣም። በእግሬ መውጣት እፈልጋለሁ።"

እጇ መጋረጃውን ጨምድዶ ይዟል። ስህን ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀችላት፣ ቬሎዋን ከኋላ አስተካከለችላትና ወጣች።

"ጨምረው" አለችው ወንዱን።

"ምን?"

"ድምፁን ጨምረው።"

ራህመት አየቻትና ከበሮዋን መልሳ በነጠላው ጠቀለለች። መቅዲ ትከሻዋን ሦስቴ ጥላ እየሳቀች ወጣች። አጎቶቿ ነበሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነበረ፣ ቀረጻውም በዚህኛው ተሳካ። የዝናው ስም አልተጠራም።