የወሰን ከሰል

«ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አልለቅ አለኝ» አለ ደረሰ፣ ከዳሱ ጀርባ ለሚስቱ ለአደይ። «ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ከሰል ነው።»

«ከሰል?» አደይ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። «እንግዲያ የሚወራው እውነት ነዋ! የወሰኑን ከሰል አውጥቶ ሸጦናል!»

ቻይነሽ ከቅጠሉ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ባሏን ክንፈሚካኤልን ቀብረው ከተመለሱ ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም። አጥቦ የገነዘው ደረሰ ነው፤ በሬሳው ፊት አምርሮ ያለቀሰውም እሱው ነው። ጎረቤት ለቅሶም ሐሜትም በአንድ ትንፋሽ ያደርሳል።

ነገሩ የጀመረው ከሰባት ዓመት በፊት ነበር። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንደሩ ቁልቁል ያለው ሜዳ ለአንድ የባሕር ማዶ አሚር በሊዝ ተሰጠ። ካርታው የወጣው በኩባንያ ስም ሳይሆን በራሱ በአሚሩ ስም ነው። ሰውዬው መሬቱን አንድ ቀን አላየውም፤ የሚበቅለው የፈረሶቹ መኖ ነው ይባላል። ያኔ ወሰን የሚያካልል፣ አገር የሚያምነው ሽማግሌ ሲፈለግ ክንፈሚካኤል ተጠራ። እሱ አርባ ዓመት ወሰን ሲያካልል ስንዝር አዛብቶ አያውቅም። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ከላይ ድንጋይ ይተከላል፣ ከሥሩ በክንድ ጥልቀት የወይራ ከሰል ይቀበራል። ድንጋዩን ትራክተር ቢጠርገው ከሰሉ አይበሰብስም። ቢሮው ባሳየው ካርታ መሠረት ከሾላው ምንጭ በላይ፣ በመንደሩ በኩል ቀበረው። ምንጩ ወደ አሚሩ ገባ። «ውኃው የጋራ ሆኖ ይቀጥላል» ብለውት ነበር። በዓመቱ አጠሩት። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ከብት ለውኃ ግማሽ ቀን ይጓዛል።

ኋላ አሚሩን ወንድሙ ከዙፋን አወረደው። ኤምባሲው «መሬቱ የአገራችን ነው» ብሎ ጻፈ፤ አሚሩ ከተሰደደበት ሆኖ «በስሜ የወጣ ካርታ የግሌ ነው» ብሎ ጻፈ። የሁለቱ ካርታ እርስ በርሱ አይገጥምም፤ ሁለቱም ግን ምንጩን አይለቁም። አዲስ አበባ ያሉት ሹማምንት ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ አንድ መላ መቱ። መሬቱ የማን ነው የሚለው እዚያው በደብዳቤ ይቀጥል፤ እስከ የት ነው የሚለውን ግን፣ ድንጋዩን ትራክተር ስለጠረገው፣ የሽማግሌው ከሰል ይፍረድ። ቀን ተቆረጠ። ሽማግሌው ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተ።

መንደሩ የጠረጠረው ሳይሞት ነው። የኤምባሲው ነጭ መኪና ፍኖተ ሰላም ድረስ ወስዶት ብርድ ልብስ አሸክሞ መለሰው። ምን እንዳሉት ለማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ነሐሴን ሙሉ ገና ጎሕ ሲቀድ ዶማ ይዞ ይወጣ ነበር። ከሰሉ ከጠፋ የነሱ ካርታ ይፈርዳል ብሎ መንደሩ ፈራ።

«ምን ልትቆፍር ነው በዚህ ዝናብ?» ብላው ነበር ቻይነሽ።

«ሥር» አላት፣ እጁን ጋቢው ውስጥ እየከተተ።

«የምን ሥር?»

«ተይኝ እስቲ፣ አንቺ ሰው።»

ለፍልሰታ አብረው መቁረብ ልማዳቸው ነበር። ዘንድሮ «አንቺ ቁረቢ፣ እኔ አልችልም» አላት። ያን ጊዜ ሕመሙ ጠንቶበት መስሏት ነበር። አሁን ግን የአደይ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ «እርሻው ላይ ላልቅስለት» ብላ ብቻዋን ወጣች። ያን ከሰል በጀርባዋ ተሸክማ ያደረሰችው ራሷ ናት፤ ቦታውን አትስትም። በእጇ ማሰችው። ከሣሩ ሥር አፈሩ የላላ ነው። ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ የቀረው ፍርፋሪ ብቻ ነው።

«ወይኔ ክንፌ!» አለች። «አንተም?»

ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አልከፋትም ነበር። ሞቱን እግዜር አመጣው፤ ይህን ግን ራሱ አደረገው። ቢሆንም ባሏ ነው። ነውሩን ሰው እንዳያይበት ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ አፈሩንም መልሳ ደለደለች።

ከሰዓት በኋላ የኤምባሲው አስተርጓሚ ይታገሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከፊቷ ተቀምጦ ጫማውን እያየ «እግዚአብሔር ያጥናዎ እናቴ» አላት። ቆይቶ ጠጋ አለ። «ባልዎ የተናገሩት ነገር አለ? ለእኛ እንኳ ከሰሉ ከምንጩ በላይ እንደሆነ ቃል ሰጥተውን ነበር።»

«እኔን ያማከረኝ ነገር የለም።»

አደይ የደረሰን ክርን ነካ ስታደርገው ቻይነሽ አየች።

በሰልስቱ፣ በተቆረጠው ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ሁሉ ወደ ሜዳው ወረደ። የኤምባሲው ሰውና የአሚሩ ጠበቃ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። መጀመሪያ ይታገሱ ባሳየው፣ ከምንጩ በላይ ተቆፈረ። ቻይነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም አልተገኘም። ቆፋሪዎቹ ቦይ እየከፈቱ ቁልቁል ወረዱ፣ ምንጩን አለፉ። ከምንጩ አርባ እርምጃ በታች፣ ክረምቱ አፈሩን አስተኝቶ ሣር ባበቀለበት፣ ዶማው ጥቁር ነገር አወጣ።

የወይራ ከሰል ነው።

ቻይነሽ ያን ጊዜ ገባት። አርባ ዓመት ስንዝር ያላዛባ ሰው ከሰሉን ተሸክሞ ወሰኑን አሻገረ። ለመንደሩ ሲል ሐሰት ቀበረ፤ ለዚህ ነው መቁረብ የፈራው። እሷ ደግሞ ሌባ አለችው!

«እናቴ» አላት ይታገሱ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። «ይህ የባልዎ ምልክት ነው?»

ሰዉ ሁሉ አፏን ጠበቀ። እውነቱን ብትናገር የባሏ ስም እዚሁ ይነጻል፣ ምንጩ ግን ከእጃቸው ይወጣል። «አልሸጣችሁም!» ብላ መጮህ አማራት።

«የሱ እጅ ነው» አለች።

እልልታው ሜዳውን ሞላው። «እግዜር ነው የዋለልን!» አለ ደረሰ ለሚቀርበው ሁሉ። «ሊያወጣው ሲያደባ ሞት ቀደመው!» አንዳንዶቹ በሐዘንተኛዋ ፊት እንዲህ መባሉ ከብዷቸው አንገታቸውን ደፉ፤ ግን አይዶለም ያለ አልነበረም። የሚያውቅ ቻይነሽ ብቻ ነበረች፤ እሷም አልተናገረች። ዕድሜዋን ሁሉ እንዲሁ ስትሰማው ልትኖር ነው።

ማታ እዝኑ ቀረበ። አደይ ከሾላው ምንጭ ቀድታ የመጣችውን ውኃ በማስታጠቢያ ይዛ እየዞረች ታስታጥባለች። ስድስት ዓመት ያልተቀመሰ ውኃ ነውና ሰዉ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ በእፍኙ እየያዘ ይጠጣል። ቻይነሽ ዘንድ ደረሰች።

«ታጠቢ እንጂ እታለም። የምንጫችን ውኃ ነው።»

ቻይነሽ እጇን ዘረጋች። አደይ ልታፈስ ብላ ቆመች፤ ዓይኗ ጥፍሮቿ ላይ ነው። ከሥራቸው ጥቁር ነው።

ቻይነሽም ጥፍሮቿን አየች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ ሰብስባ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ለሌላው አፍሽው» አለች። «እኔ ዛሬ አልታጠብም።»