ክሪኩ የሰመጠበት ቀን

ማናለብሽ ልጇን አዝላ ከአዘና ወጥታ እንጅባራ እስክትደርስ ሙሉ ቀን ፈጅቶባታል። ልጅቱ ሸጋ ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው። ጉሮሮዋ አብጧል፤ ትንፋሿ እያፏጨ ነው የሚወጣው። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወርድላት ብሏል። አባቷ አበረ ለንግድ ወደ መተከል ከወረደ ወር አልፎታል። ዳንግላ ባለው ክሊኒክ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አለ ብለው ለማናለብሽ የነገሯት ጎረቤቶቿ ናቸው። እሷ ዳንግላን አይታው አታውቅም።

እንጅባራ ላይ በማግስቱ ጧት ያገኘችው አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነበር። ከቡሬ በላይ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ስለቆረጠው መንገዱ ከተዘጋ ሦስት ቀኑ ነው። ይህኛው መኪና ቀድሞ የተሻገረ ነው፤ ገብስ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሊነሳ ሞተሩን ያሞቃል። ሾፌሩ ውቤ የሚባል የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። ረዳቱ ወባ ጥሎት እንጅባራ ስለቀረ ብቻውን ነበር። ማናለብሽ ቀርባ ስትለምነው መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ። የልጅቱን ትንፋሽ ሲሰማ ግን የጋቢናውን በር ከፈተላት።

ወደ ዳንግላ የሚወርደውን መንገድ ሲይዙ ዝናቡ ጀመረ። ሸጋ በእናቷ ጭን ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ አየር ትስባለች። አንዳንዴ ትንፋሿ ቆም ይልና ማናለብሽ የራሷንም ትንፋሽ ይዛ ትጠብቃለች።

«ጋሼ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉልኝ» አለችው። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ቤቷ የሚነገረው አገውኛ ነው።

ውቤ ነዳጁን ረገጠ። ጥቂት ሄደው ደግማ ለመነችው። ለሦስተኛ ጊዜ ከለመነችው በኋላ፣ ቁልቁለቱ መሐል ላይ፣ የግራው የፊት ጎማ ፈነዳ። መኪናው ጎንበስ ብሎ እየተንገጫገጨ ጥቂት ሄደና የመንገዱን ዳር ይዞ ቆመ።

«አይዞሽ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም» አላት። «ግን ልጅቱን ይዘሽ ውረጂ። ክሪክ ላይ ባለ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም።»

ወርዳ ከመንገዱ ማዶ ብሳና ዛፍ ሥር ተቀመጠችና በጋቢዋ ልጇን ሸፈነቻት። ውቤ ክሪኩንና መፍቻውን አወጣ፤ ከዚያ የዕቃ ሳጥኑን ሲያገላብጥ ቆየ። ከክሪኩ ሥር የሚነጠፈው ጣውላ የለም። ረዳቱ የት እንደጣለው እግዜር ይወቅ። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ልጅቱን አየ። ክሪኩን እርጥቡ መሬት ላይ እንዲሁ አቆመው። ቁልቁል እንዳይንሸራተት ብሎ ከአንደኛው የኋላ ጎማ ፊት አንድ ድንጋይ ወሸቀ፤ ለሌላኛው አልፈለገለትም።

እጁ ፈጣን ነበር። መኪናውን አነሳ፣ ቡሎኖቹን ፈታ፣ የፈነዳውን ጎማ አውጥቶ ዳር ላይ አስተኛ። ትርፉን ጎማ እያንከባለለ ሲመጣ ክሪኩ ወደ ጎን መዝመሙን አየ። መሬቱ እየዋጠው ነው። በሆዱ ተኝቶ ሊያቃናው ግራ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ማናለብሽ ብረት ብረትን ሲነካ ያህል ነው የሰማችው። መኪናው አንድ ስንዝር ወደ ፊት ሄደና በግራ ጎኑ ቁጭ አለ። ከዚያ ውቤ ጮኸ፤ ጮኸና ዝም አለ።

ሮጣ ስትደርስ ጎማው የሚታሰርበት ከባድ ብረት እጁን ከክርኑ በታች ጭቃው ውስጥ ቀብሮታል። ፊቱ አመድ መስሏል። ደረቱ ከመኪናው ሆድ ሥር ነው። ትከሻዋን አስጠግታ መኪናውን ልትገፋ ሞከረች።

«እንዳትነኪው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ስሚኝ እህቴ። አሁንም እየተንሸራተተ ነው፤ ይሰማኛል። ድንጋይ አምጪ። ትልቅ ትልቁን። ከኋላ ጎማዎቹ ፊት፣ በሁለቱም በኩል።»

ድንጋይ ፍለጋ ከመንገዱ በታች ወዳለው ገደል ጠርዝ ወረደች። አንዱን አቅፋ አመጣች፤ ሌላውን ማንሳት ስላልቻለች በሁለት እጇ እየገለበጠች ወደ ላይ አወጣችው፤ ጥፍሯ ተገነጠለ። በሁለቱም ጎማዎች ፊት እያስጠጋች በመፍቻው ጀርባ እየመታች አጠበቀቻቸው። በየመሐሉ ወደ ብሳናው እየሮጠች ጆሮዋን ልጇ አፍ ላይ ትደቅናለች። ትንፋሽ አለ፤ ግን እንደ ክር ቀጥኗል።

የመንገዱ ዝምታ ያስፈራ ነበር። ድልድዩ ተቆርጧል፤ ከላይ የሚመጣ መኪና የለም። ከታች ቢመጣም መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል። ገበሬው በዝናቡ ቤቱ ገብቷል።

አንድ ሽማግሌ በበቅሎ የመጣው ያኔ ነው። በቅሎዋን አቁሞ በአገውኛ ምን እንደደረሰ ጠየቃት። ማናለብሽ የእናቷን ቋንቋ ስትሰማ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ነገረችው። ሽማግሌው በግድ ወርዶ አንድ እግሩን እየጎተተ ሁለቱንም አያቸው፤ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ከዚያ ልጅቱን።

«ልጄ፣ እኔ ድንጋይ የማነሳበት ወገብ የለኝም» አላት። «ይህች ልጅ ግን እዚህ አትቆይም። ዳንግላ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ነይ ተቀመጪ፣ እኔ ከኋላ እደርሳለሁ።»

ማናለብሽ ወደ ውቤ ዞረች። ቋንቋቸውን ባያውቅም የተባለው ገብቶታል።

«ሂጂ» አለ። «ዳንግላ ስትደርሺ ሰው ላኪልኝ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል መሄጃ፣ ሰው እስኪገኝ፣ ሰው እስኪመጣ። ዝናቡ አልቆመም። ከብረቱ ሥር ያለው ጭቃ ሲለሰልስ ዓይኗ እያየ ነው፤ የመኪናው ሆድ ከደረቱ የሚርቀው አራት ጣት ያህል ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ፈጠን ይበሉልኝ ያለችው እሷ ናት። ሰውየው ጣውላ ሲያጣ ቀና ብሎ ያየው የእሷን ልጅ ነው።

ሽማግሌውን «አባቴ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አለችው።

«ገብረ ማርያም እባላለሁ። ጥርባ ላይ ብትጠይቂ የማያውቀኝ የለም። ለሙግት ነው ወደ ዳንግላ የምወርደው።»

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሸጋን አንስታ ግንባሯን ሳመችና ለማታውቀው ሰው ሰጠቻት። ሽማግሌው ልጅቱን በደረቱ ላይ በጋቢ አስሮ እንዲወጣ እግሩን ደግፋ በቅሎዋ ላይ አስቀመጠችው። ጥቂት እንደሄደ የልጅቱ እጅ ከጋቢው ወጥቶ ሲንጠለጠል አየች። ተከትላ ልትሮጥ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ነበር። ከዚያ ተመለሰች።

ውቤ ስትመለስ አይቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀጥሎ ምን ላድርግ?» አለችው።

«የፈነዳውን ጎማ» አለ። «ጎትተሽ ከጎኔ፣ ከመኪናው ሥር አስገቢው። እንደገና ከወደቀ እኔ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ይውደቅ።»

ጎማው ከነብረት ቸርኬው ከበደባት። ተቀምጣ በሁለት እግሯ እየገፋች አስገባችው። ከዚያ «ጣውላ» አላት። ጭነቱን በጎን ከያዘው ስፖንዳ አንዱ ጣውላ ላላ ያለ ነበር፤ በመፍቻው ፈልቅቃ አወጣችው። ክሪኩ የሚቆምበትን ቦታ በእጇ ጭቃውን እየዛቀች ደረቁ አፈር እስኪመጣ ቆፈረችው፤ ጣውላውን አነጠፈችበት። የወደቀውን ክሪክ ከጭቃው ስባ አወጣችው፤ በዘንግ የሚዞር የድሮ ዓይነት ነው። ወጥቶ የቀረውን አንገቱን መጀመሪያ ወደ ታች መመለስ ነበረባት።

«ወደ ግራ» አለ ውቤ። «ወደ ግራ ሲዞር ይወርዳል። አሁን ከወፍራሙ ብረት ሥር አስገቢው። ቀጥ ብሏል?»

«ብሏል።»

«ደግመሽ እይው።»

ደግማ አየችው። ትንሽ ጠምሞ ነበር፤ አቃናችው። ዘንጉን ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረች። መጀመሪያ ምንም አልተነቃነቀም፤ ጣውላው ብቻ ተንቋቋ። በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። ግማሽ ዙር። እንደገና ግማሽ ዙር። መዳፏ ተልጦ ዘንጉ በደም ሲያንሸራትታት ነጠላዋን ጠመጠመችበት። ብረቱ ከጭቃው ሲላቀቅ ውቤ እንደ ሕፃን አቃሰተ።

ሁለት ጣት ያህል ከተነሳ በኋላ የክሪኩ ራስ ሸርተት አለና መኪናው ተመልሶ ወረደ። ማናለብሽ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ስትገልጠው መኪናው በተኛው ጎማ ላይ አርፏል። ውቤ በሕይወት አለ። እያለቀሰ ነበር።

«ተዪው በቃ» አላት። «ልጅሽ ጋ ሂጂ። በእግርሽም ቢሆን ትደርሺያለሽ።»

ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ልጇ ሞታም ሊሆን ይችላል። አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ማንነቱን በማታውቀው ሰው ደረት ላይ። ይህን እያሰበች ክሪኩን እንደገና ወደ ግራ አዞረች፣ የብረቱን ጭቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ አቃንታ አስገባችው፣ ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረች። በአገውኛ አንድ ነገር ታጉተመትም ነበር፤ ጸሎትም ስድብም አልነበረም፤ የልጇን ስም ብቻ ነው።

ብርሃን በብረቱና በጭቃው መሐል ሲገባ አየች።

«እጅህን ሳብ» አለችው፤ እርስዎ ማለቱም ጠፋባት። «አሁን፣ ሳበው።»

መሳብ አልቻለም። ብብቱን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው፤ ሁለቱም መንገዱ ላይ ወደቁ። እጁን ስታየው እጅ አይመስልም። መቀነቷን ፈትታ ከክርኑ በላይ አጥብቃ አሰረችለት።

ወደ ዳንግላ ሲሄዱ መጀመሪያ ተደግፏት ነበር፤ ኋላ ግን ጉልበቱ አልቆ መንገድ ላይ ተቀመጠ። ከለቅሶ የሚመለሱ አራት ገበሬዎች ደርሰው ከእንጨትና ከጋቢ ቃሬዛ ሠሩለት። ዳንግላ ሲገቡ ዝናቡ አባርቷል፤ ፀሐይዋም አዘቅዝቃ ነበር።

ክሊኒኩ በር ላይ የበቅሎዋን ኮርቻ ስታይ ማናለብሽ ቆመች። ወደ ውስጥ ለመግባት ድፍረት አጣች። ሽማግሌው ድምፅ ሰምቶ ብቅ አለ።

«ግቢ» አላት በአገውኛ። «ሁለት ጊዜ ተወግታለች። ቅድም ውሃ ጠጣች።»

ሸጋ አልጋ ላይ ተኝታለች። ፉጨቱ አልጠፋም፤ ትንፋሿ ግን ይመላለሳል፣ አይቆራረጥም። ማናለብሽ ልታነሳት ስትሞክር ክንዷ አልታዘዝ አላት፤ ጣቶቿም አልዘረጋ አሉ። ገብረ ማርያም ልጅቱን አንስቶ ጭኗ ላይ አስተኛላት።

ውቤን በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ወሰዱት፤ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም።

ከኅዳር በኋላ ማናለብሽ ከባሏ ጋር በግና አንድ ቅል ማር ይዘው ውቤ እንጅባራ ወደተጠጋባቸው ዘመዶቹ ቤት ሄዱ። ሸጋም አብራ ነበረች። ውቤ ልጅቱን በቀረው እጁ ወደ ጎኑ አስጠግቶ ጉሮሮዋን ዳበሳት።

«እኔ ነኝ ያስቸኮልኩዎ» አለችው ማናለብሽ። ይህን ለመናገር ስትዘጋጅ ነበር የከረመችው።

«አንቺ እናት ነሽ፤ ለመንሽ» አለ። «ሾፌሩ እኔ ነበርኩ።»

ከልቡ እንደተናገረው ታውቃለች። ቢሆንም ሲመለሱ፣ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ፣ ባሏ የሚያወራትን አንዱንም አልሰማችም።